ክዳኑ ላይ የነበረችው ቀጭን ፕላስቲክ

የታሸገ ውሃ ስንገዛ ክዳኑ ላይ ተጠቅልላ ትመጣ የነበረችውን ቀጭን ፕላስቲክ ታስታውሷታላችሁ? በጥፍር እየቧጠጥን፣ አንዳንዴም በጥርስ እየነከስን ነበር የምናነሳት። ካነሳናት በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያው የቆምንበት እንጥላታለን። ታክሲ ተራው፣ መናኸሪያው፣ የሠርግ አዳራሹ ደጃፍ፣ ሁሉም ቦታ መሬቱ እሷን ለብሶ ነበር። ዛሬ የለችም። ውሃ የሚያሽጉት ድርጅቶች ከጥቂት ዓመታት በፊት ተነጋግረው በአንድነት ተዉአት።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ስለ ፕላስቲክ ባሰብኩ ቁጥር ወደዚህች ነገር እመለሳለሁ። አንድ ድርጅት ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነገር ስለነበረ ነው። ገዢው ያቺን ፕላስቲክ ሲያይ "ውሃው አልተነካካም" ብሎ ይተማመናል። አንዱ ድርጅት ቀድሞ ቢያነሳት፣ መደርደሪያ ላይ ተጠርጣሪ የሚሆነው የእሱ ውሃ ነው። "ይሄ ደግሞ ከቧንቧ ተቀድቶ ይሆን?" ይባላል። እውነተኛው ማረጋገጫ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ብሎ የሚላቀቀው ቀለበት ነው። ግን ይህን ለእያንዳንዱ ገዢ ማን ዞሮ ያስረዳል? ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲተዉት የሚጠረጠር ጠፋ። እኛም ቶሎ ለመድነው።

ስለዚህ ተፎካካሪ ድርጅቶች በፕላስቲክ ጉዳይ መተባበር ይችላሉ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ ይችላሉ፣ አድርገውትም አይተናል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከዚህ ወደ ገላንና ወደ ዱከም የሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ፋብሪካ ነው። ወደ ኋላ ደግሞ አቃቂ አለ። የአዲስ አበባ ዳር ሁለት ነገር የሚገናኝበት ቦታ ነው። አዲሱ ዕቃ የሚሠራው እዚህ ነው፤ ከተማው ተጠቅሞ የጣለውም ዞሮ የሚመጣው ወደዚሁ ነው። ውሃ የሚያሽጉት ፋብሪካዎችም ብዙዎቹ በከተማዋ ዙሪያ ናቸው፤ በሱሉልታ፣ በሆለታ፣ በሰበታ በኩል። ከዚያ በሲኖትራክና በአይሱዙ ተጭኖ የገባው ጠርሙስ ከተማ ውስጥ ባዶ ይሆናል። የተወሰነው በቆራሌውና በልዋጮቹ ማዳበሪያ ይወጣል። የተወሰነው ክረምት ሲገባ በጎርፍ ይወጣል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፣ ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል። በሐምሌ ከአቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው፣ ሃይላንዱ ተሰልፎ ሲወርድ ሳያይ አይመለስም።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ አንድ ግቢ አለ። ፕላስቲክ የሚገዙበት፣ የሚለዩበትና የሚጭኑበት ግቢ ነው። በሩ ላይ ሚዛን ተንጠልጥሏል። ውስጥ እንደ ኮረብታ የተከመረ ጠርሙስ አለ። ከክምሩ ፊት ለፊት ዝቅ ባሉ በርጩማዎች ላይ የተቀመጡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ይለያሉ። በደጁ ሳልፍ ሰላም ማለት ለመድኩ፣ ቆይቶ ገብቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ስለ ፕላስቲክ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ የገባኝ እነሱ እጅ ላይ ያየሁት ነው።

ሲለዩ ዓይናቸው እንኳን ጠርሙሱ ላይ የማይውል ይመስላል። እጃቸው ያውቃል። አንዷ ጠርሙሱን ጨበጥ አድርጋ ለቀቅ ታደርገዋለች፣ በድምፁ ብቻ የትኛው ጆንያ እንደሚገባ ትወስናለች። የውሃው ለብቻ፣ የለስላሳው ለብቻ፣ የዘይቱ ለብቻ፣ ጀሪካንና ባልዲ ለብቻ። ክዳኑ ይፈታል፣ እሱም የራሱ ጆንያ አለው። ሌብሉ በቢላ ይቀደዳል።

"ይሄስ ምን ሆኖ ነው ለብቻው የተጣለው?" አልኳት፣ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ አንስቼ።

"እሱን ማን ይገዛናል ወንድሜ? ነጩን ነው የሚፈልጉት። እሱ ከነጩ ከተቀላቀለ ደግሞ ጆንያው በሙሉ ዋጋው ይወርዳል።"

"ይሄኛውስ?" ከላይ እስከ ታች በሚያብረቀርቅ ሌብል የተጠቀለለ የጁስ ጠርሙስ ነበር።

"እሱማ ጊዜ ይገድላል። ልብሱን እስክታወልቅለት አምስት ሌላ ትለያለህ። በኪሎ ነው የሚከፈለን፣ በድካም አይደለም።"

ይህን መልሷን ይዤ ብዙ አሰብኩ። ያ ጠርሙስ እንዲያብረቀርቅ የወሰነው ሰው ምናልባት ቦሌ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ሥራው ጠርሙሱ ከሌሎች ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ነው፣ ሥራውንም በደንብ ሠርቷል። ትርፉ ለድርጅቱ ገባ። ኪሳራው ግን ገላን በርጩማ ላይ ለተቀመጠች ሴት ደረሰ። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። በመካከላቸው ውል የለም፣ ስልክ የለም፣ ደረሰኝም የለም። የፕላስቲክ ዑደት የሚበጠሰው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ቤት ያተረፈው ሌላው ቤት ያከስራል፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም።

ቴክኒኩን ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ የሚሠራው ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ነው፣ ሌብሉም አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ። ጠርሙሱ ተፈጭቶ ፍሌክ፣ ማለትም ትንንሽ ስባሪ፣ ሲሆን ውሃ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ፔት ከውሃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። ክዳኑና የተለመደው ሌብል ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ፣ ከላይ ይቀዘፋሉ። እስካሁን ሁሉም ሰላም ነው፤ ውሃው ራሱ ለያቸው።

ችግሩ ፒቪሲ ሲገባ ነው። ያ ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ የሚሆነው ፕላስቲክ፣ ሲሞቅ የሚጨማደድ ሌብልና የክዳን መጠቅለያም ሆኖ ይሠራል። ፒቪሲም እንደ ፔት ይሰምጣል። ስለዚህ ገንዳው አይለየውም። ፔት ለመቅለጥ ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት ፒቪሲ ይቃጠላል። ሲቃጠል አሲድ ይለቃል፣ ፔቱን ያጠቁረዋል፣ ያዳክመዋል፣ ማሽኑንም ይበላል። ትንሽ ብትሆንም ብዙ ኪሎ ታበላሻለች። አሁን ወደዚያች የክዳን ላይ ፕላስቲክ ተመለሱ። መጠቅለያው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚሁ ከፒቪሲ ነው። ድርጅቶቹ ሲተዉአት መንገድ ላይ ከሚወድቀው ቆሻሻ በላይ የሆነ ነገር ነው ያነሱልን።

የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ጥርት ያለ ፔት ምንም ሊሆን ይችላል፤ ተመልሶ ጠርሙስ፣ ጥቅል ማሸጊያ፣ ነጭ ክር። አረንጓዴው ግን ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ነገር ከመሆን ሌላ ዕጣ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኮካ ኮላ በሰሜን አሜሪካ ስፕራይትን ከአስርት ዓመታት በኋላ ከአረንጓዴው ጠርሙስ አውጥቶ ጥርት ባለው ሲያደርገው ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር። በዓለም የታወቀ መልክን መተው ለድርጅት ቀላል ነገር አይደለም። ተቻለ።

የግቢው ባለቤት፣ ሠራተኞቹ "ጋሼ" የሚሉት ሽማግሌ፣ ሌላ ነገር አሳየኝ። በማዳበሪያ የታጨቀ ባዶ ጠርሙስ አነሳና "ይሄን ያዘው" አለኝ። ምንም አይከብድም። "ያየኸው አየር ነው" አለኝ። "እኔ የመኪና የምከፍለው ለአየር ነው።"

እውነቱን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ40 በላይ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያስፈልጋል። ካልተረገጠና በመጭመቂያ ካልታሰረ አንድ አይሱዙ ሙሉ ጠርሙስ ጭኖ የሚያመጣው ገንዘብ ነዳጁን ላይሸፍን ይችላል። ለዚህ ነው ከከተማው መሀል የሚሰበሰበው ተሰብስቦ፣ ከራቅ ያለ ቦታ የሚወጣው ሜዳ ላይ የሚቀረው። ማንም ጠልቶት አይደለም። መጓጓዣው አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የቢራና የለስላሳ ሳጥን የጫነ መኪና ወደ ሰፈራችሁ ሲመጣ አይታችኋል? ሙሉውን ያወርዳል፣ ባዶውን ይጭናል፣ ይመለሳል። ባለሱቁ ለሳጥኑና ለጠርሙሱ ገንዘብ አስይዟል፣ ስለዚህ አንድም ጠርሙስ እንዲጠፋ አይፈልግም። እኛም ልጆች ሆነን ለስላሳ ስንላክ ባዶ ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንሄደው፤ ካልያዝን ገንዘብ እናስይዛለን። አምቦ ውሃም በመስታወት ጠርሙስ ሲዞር ነው የኖረው። ይህ ሥርዓት ከማንም የተሸመተ ዘመናዊ ጥናት አላስፈለገውም። ሰርኩላር ኢኮኖሚ እየተባለ ዛሬ በየስብሰባው የሚነገረው ነገር በእኛ ሱቆች ደጃፍ ለአስርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል።

ፕላስቲኩ ሲመጣ ግን መኪናው ባዶውን መመለስ ተወ። ውሃ ያራገፈው መኪና ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰበታ ባዶውን ይነዳል። በዚያው መንገድ ጋሼ ለአየር ይከፍላል። ሁለቱ መኪናዎች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ትብብር ሲባል እኔ የሚታየኝ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ሦስት አራት ውሃ አሻጊዎች ተስማምተው በየአከፋፋዩ መጋዘን አንድ የጋራ መጭመቂያ ቢያስቀምጡ፣ የሚመለሰው መኪና ማንም ይሁን ማን የታሰረውን እሽግ ይዞ ቢሄድ፣ የመጓጓዣው ወጪ ቀድሞ በከፊል የተከፈለ ነው። ጠርሙሱ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ መቁጠር አያስፈልግም። ሲፈጭ ስሙ ይጠፋል።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። አዲስ ፔት ከነዳጅ ዘይት የሚመጣ ነው። የዘይት ዋጋ በዓለም ሲወርድ አዲሱ ፕላስቲክ ይረክሳል። ያኔ ታጥቦ፣ ተለይቶ፣ ተፈጭቶ የመጣውን ማን ይገዛዋል? ፋብሪካው መግዛት ይቀንሳል፣ ጋሼ ለቆራሌው የሚሰጠውን ይቀንሳል፣ ቆራሌው ጠርሙሱን አይቶ ያልፈዋል። ሩቅ አገር በተፈጠረ ነገር ምክንያት አቃቂ ወንዝ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ይበዛል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ መጠባበቂያ ያለው ሰው የለም። ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚወድቀው ከሁሉም ታች ያለው ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በእኛ ዓይን አዲስ አይደለም፤ እድር ነው። በአንድ እድር ያሉ ጎረቤቶች በአጥር ሊካሰሱ ይችላሉ፣ ሐዘን ሲመጣ ግን ድንኳኑ የሁሉም ነው። መዋጮው የሚከፈለውም ሐዘን ሳይመጣ ነው። የደቡብ አፍሪካ የመጠጥ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2004 ፔትኮ የሚባለውን ድርጅት ያቋቋሙት በዚህ መንገድ ነው። እያንዳንዱ በሚጠቀመው የፔት መጠን ልክ ያዋጣል። መዋጮው ሰብሳቢዎችንና መልሰው የሚያመርቱትን ይደግፋል፣ በተለይ ገበያው ሲከፋ። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 የራሷን አቋቋመች። በእኛም አገር ፔትኮ ኢትዮጵያ አለ፣ የመጠጥ አምራቾች የተሰባሰቡበት። መኖሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲጠናከር ማየት እፈልጋለሁ።

ግን በፈቃደኝነት ላይ ብቻ የቆመ መዋጮ አንድ የታወቀ በሽታ አለበት። አስር ድርጅት ሲያዋጣ አስራ አንደኛው አያዋጣም። እሱ ውሃውን በትንሽ ሳንቲም አርክሶ ይሸጣል፣ የእሱንም ጠርሙስ ሌሎቹ በከፈሉት ገንዘብ ያስነሳል። ይህን ያየ ሌላው ደግሞ "እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?" ይላል። ደቡብ አፍሪካ ለ17 ዓመት ገደማ በፈቃደኝነት ከሄደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 አምራቾች ሁሉ እንዲያዋጡ በሕግ ደነገገች። ጀርመንም ዘንድ ሕጉና ትብብሩ አብረው ነው የመጡት። መንግሥት "ማሸጊያችሁን ራሳችሁ መልሳችሁ ውሰዱ" ሊል መሆኑን ያዩት ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1990 የጋራ ሰብሳቢ ድርጅት አቋቋሙ፤ አዋጁ በ1991 ወጣ። ሕጉ በር ላይ ባይቆም ኖሮ ስብሰባው ይደረግ ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም።

በጣም የማደንቀው የኖርዌይን ነው። እዚያ የመጠጥ አምራቾችና መደብሮች በጋራ የያዙት ድርጅት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረ። ገዢው ጠርሙሱን ሲመልስ ያስያዘው ገንዘብ ይመለስለታል። እስከዚህ ድረስ እንደ እኛ ሳጥን ነው። ብልሃቱ ግብሩ ላይ ነው። መንግሥት በጠርሙስ ላይ የአካባቢ ግብር ጥሏል፤ የሚመለሰው ጠርሙስ በበዛ ቁጥር ግብሩ ይቀንሳል፣ 95 ከመቶ ሲደርስ ጨርሶ ይነሳል። ስለዚህ ተፎካካሪዎቹ አንዱ የሌላውን ጠርሙስ ሳይቀር ከሜዳ ማንሳት ያተርፋቸዋል። ማንም ማንንም መለመን አላስፈለገውም።

ከዚህ ጋር ሳነጻጽረው፣ በየመድረኩ የሚፈረሙት ትላልቅ ቃል ኪዳኖች ልቤን አያሞቁትም። እ.ኤ.አ. በ2018 በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች እስከ 2025 ማሸጊያቸውን ሁሉ ተመላሽ ወይም እንደገና የሚሠራ እናደርጋለን ብለው ፈርመው ነበር። ዓመቱ ደረሰ፣ ብዙው ግብ ሳይደረስበት ቀረ። ኮካ ኮላ የሸጠውን ያህል ጠርሙስ እስከ 2030 እሰበስባለሁ ያለውን እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዝቅ አደረገው፣ ጊዜውንም ወደ 2035 ገፋው። የዓለም አገሮችም ስለ ፕላስቲክ የሚያስገድድ ስምምነት ለማውጣት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሲደራደሩ ቆይተው በነሐሴ 2025 ጄኔቭ ላይ ሳይስማሙ ተለያዩ። ቀን የተቆረጠለት ግን ባለዕዳ የሌለው ቃል ምን እንደሚሆን አየን። እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ዓለም ከጣለው ፕላስቲክ ውስጥ እንደገና የተሠራው 9 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው።

አንድ ስጋቴን መደበቅ አልፈልግም። ድርጅቶች ተሰብስበው ሲስማሙ የሚስማሙት ሁልጊዜ በጎ ነገር ላይ ላይሆን ይችላል። ሌብል ላይ ለመስማማት የተቀመጡ ሰዎች፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ "ለሰብሳቢው ከዚህ በላይ አንከፍልም" ብለው ሊስማሙም ይችላሉ። ገዢዎቹ ጥቂት፣ ሻጮቹ ብዙና የተበታተኑ ሲሆኑ ይህ ቀላል ነው። ስለዚህ የለያችው ሴትና ቆራሌው የተወከሉበት ወንበር የሌለው ትብብር፣ ትብብር ተብሎ ባይጠራ እመርጣለሁ። በማኅበር ተደራጅተው፣ የራሳቸው ሚዛን ኖሯቸው፣ የወሩ ዋጋ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎላቸው። ያቺ እህት ምን ቢደረግላት እንደምትፈልግ ጠይቄያት የመለሰችልኝም ይህንኑ ነው። ጓንትም አላለችኝም፣ ስልጠናም አላለችኝም። "ዋጋውን በሳምንቱ መጀመሪያ ይንገሩን" ነው ያለችኝ። "ሰኞ በአንድ ዋጋ ለይቼ ዓርብ በሌላ እንዳልሸጥ።"

እነዚህን ሰዎች የረሳ ሥርዓት ምን እንደሚያመጣ በዚህች ከተማ አይተናል። ለከተማው የሚሆን አዲስ የቆሻሻ መድፊያ ሰንዳፋ ላይ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችንና ውሃችን ተበላሸ ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል ቆሻሻ ውስጥ ለቅመው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ። የከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን አንረሳም። የጣልነው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ብዙ ጊዜም ያልተጠየቀ ሰው ደጃፍ ላይ።

ሁሉም ፕላስቲክ ደግሞ ዑደት ውስጥ አይገባም። ፌስታል ከጭቃና ከምግብ ትርፍ ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ጋሼ በነፃም አይቀበለውም። አጥቦ ማድረቁ ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክለውን አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ሲያጸድቅ ደግፌዋለሁ። ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይላል። የቀድሞው የ1999 ዓ.ም. አዋጅም ስስ ፌስታልን፣ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን፣ ይከለክል ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማውም። የአሁኑ እንዲሰማ ከተፈለገ ቅጣቱ ጉልት ላይ ሽንኩርት ከምትሸጠው እናት ከመጀመሩ በፊት ፌስታሉን ከሚያመርተውና ከሚያከፋፍለው ቢጀምር ይሻላል። ዘንቢልማ ቤታችን ውስጥ አለ።

ፔቱን በተመለከተ ግን ተስፋ አለኝ፣ ምክንያቱም የድርጅቶቹም ጥቅም አለበት። ለጠርሙስ የሚሆነው ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚገባ ነው፣ በዶላር። ከዚሁ አገር የተፈጨው ደግሞ ብዙው ወደ ውጭ ይሸጣል። እንደገና ጠርሙስ እንዲሆን ለምግብ የሚሆን ንጽህና ላይ መድረስ አለበት፣ ለዚያም ውድ ማሽን ያስፈልጋል። ለአንድ አሻጊ ብቻውን የሚከብድ ነው። ማሽኑ እንዲያዋጣ በቂ ንጹህ ፍሌክ ያለማቋረጥ መግባት አለበት፣ በሌላ በኩል "የሚወጣውን እንገዛለን" ብለው አስቀድመው የፈረሙ አሻጊዎች ያስፈልጋሉ። ባንክ ብድር የሚሰጠው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲያይ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ወይም አራት ተፎካካሪዎች በጋራ ለአምስት ዓመት የግዢ ውል ቢፈርሙ፣ ከብዙ ዘመቻና ከብዙ የጽዳት ቀን የበለጠ ሥራ ይሠራል። የጽዳት ዘመቻን አልጠላም፤ ሰው አካባቢውን እንዲያይ ያደርጋል። ግን በዘመቻ የተለቀመ ጠርሙስ ገዢ ከሌለው ዞሮ ቆሼ ነው።

እስከዚያው ግን ማሽን የማይጠይቅ፣ ዶላር የማይጠይቅ፣ ልክ እንደ ክዳኗ ፕላስቲክ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር አለ። የሌብል ሙጫ ነው። ያየኋቸው ሴቶች ሌብሉን በቢላ ሲቀዱት ሙጫው ጠርሙሱ ላይ ይቀራል። ያ ሙጫ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ካልለቀቀ ፍሌኩ ላይ ተጣብቆ ሄዶ ሲቀልጥ ቢጫ ያደርገዋል። ቢጫ የሆነው ዋጋው ይወርዳል። በማጠቢያ ውስጥ የሚለቅ ሙጫ ግን በዓለም ገበያ ላይ አለ፤ ሌብሉን ዙሪያውን ከመለጠፍ ይልቅ ጫፍና ጫፉን ብቻ መንካትም ይቻላል። አንዱ አሻጊ ብቻውን ቢቀይር ጥቅሙ አይታይም፣ ምክንያቱም ጆንያው ውስጥ የሁሉም ጠርሙስ ተቀላቅሎ ነው የሚገባው። ሁሉም ከቀየሩ ግን በወራት ውስጥ ከእያንዳንዱ ማጠቢያ የሚወጣው ፍሌክ ጥራቱ ይለወጣል፣ ዋጋውም አብሮ። ክዳኑ ላይ የተስማሙት ድርጅቶች አንድ ላይ መቀመጥን ያውቁበታል። በሚቀጥለው ስብሰባቸው የሙጫውን ነገር ያንሱልን፤ ከመወሰናቸው በፊት ግን ከለያዮቹ ሁለቱን ጠርተው ቢላውንና ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡላቸው።